መመሪያው ዘመሮ ሲደርስ

የማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያሰማው ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ አባላት እንዲያነቡት እንዳለ አትመነዋል።



ያለፈው ወር ስብሰባችን እንዴት እንዳለቀ የማያስታውስ የለም። ከትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ተነበበ። ለዴስክ ማሠሪያና ለክፍል ማደሻ ወላጅ ሁሉ እንዲያዋጣ የሚጠይቅ ነበር። ግማሾቻችን «የገዛ ልጆቻችን አይደሉም ወይ? እንስጥ» አልን። ግማሾቻችን «ትምህርት በነፃ ነው እየተባለ ከቁጠባችን ላይ ምን ሲደረግ!» አልን። አንዲት እናታችን በበሩ በኩል ተቀምጠው «ለመሆኑ ይህን ያዘዘው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ነው ያለ አለ፣ ወረዳው ነው ያለ አለ፣ አዲስ አበባ ነው ያለም አለ። በረካው ሳይደርስ ተበተንን።

እኛ ሦስታችን ነገሩን አጣርተን እንድንመጣ ታዘዝን። ከሦስታችን አንዷ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ናት፤ አንዷ ድሮ አስተምራለች፤ አንዷ ደግሞ አራት ልጆች ከማስተማር በቀር ከትምህርት ጋር ሌላ ትውውቅ የላትም። ወረዳ ሄድን፣ መምህራንን ጠየቅን፣ የተጻፈ ያገኘነውን አነበብን። ዛሬ የደረስንበትን እንነግራችኋለን። ትንሽ ይረዝማል፤ ቆሎው ቀርቧልና ታገሡን።

ከሥልጣኑ እንጀምር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ላይ ለትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ በአንቀጽ 52 ላይ ክልሎች የራሳቸውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የልማት ፖሊሲና ዕቅድ ያወጣሉ፣ ያስፈጽማሉ ይላል። ሁለቱ አንቀጾች ጎረቤታሞች ናቸው። እንደ ጎረቤታሞችም ድንበራቸው ላይ ነው ጭቅጭቁ ያለው።

በሥራ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን መጽሐፍ የሚያዘጋጀውና የሚያሳትመው ክልሉ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህራንን በየኮሌጁ የሚያሠለጥነው፣ የ8ኛ ክፍልን ፈተና አውጥቶ የማለፊያውን ነጥብ የሚቆርጠውም ክልሉ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ግን ሥርዓተ ትምህርቱም መጽሐፉም የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም የፌዴራል ነው። ሆኖም የዘጠነኛ ክፍል መምህር ደሞዙን የሚቀበለው ከወረዳ ነው። የክፍሉ ጣራ ቢያፈስም የሚጠየቀው ወረዳ ነው። ማለትም በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሦስት መንግሥት ትዕዛዝ አለ፤ ደጁ ላይ የሚቆመው ግን አንድ ርዕሰ መምህር ብቻ ነው። እኛም ያለፈውን ወር ስንሳደብ የከረምነው እሱን ነው።

ባና የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ስፋቱን የሚናገር አለ፣ ጠጉሩን የሚያቀርብ አለ፣ ሸማኔው አለ። ፈትሉ ግን የሴት ነው። ባናው ጠቦ ሲወጣ «ፈትሉ አነሰ» ተብላ የምትወቀሰውም እሷ ናት።

ሁለተኛው ያወቅነው ነገር ክልሎች ከላይ ለመጣ ትእዛዝ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተው እንደማያውቁ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋ ይሰጥ ባለ ጊዜ ኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ማስተማርን መረጠ። ያኔ ደቡብ በሚባለው ክልል ቋንቋው ብዙ ስለነበር ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተዞረ። የእኛ ክልል ደግሞ ሒሳብና ሳይንስን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ አድርጎ ለረጅም ዓመት ሲያስተምር ኖሯል። «ልጄ ሰባተኛ ስትገባ ሒሳብ ጠፋባት» ያላችሁ እናቶች፣ የጠፋባት ሒሳቡ ላይሆን ይችላል። ይኸው ክልል ለአዊ ልጆች በአገውኛ፣ ለዋግ ኽምራ ልጆች በኽምጣንኛ፣ ለከሚሴ አካባቢ ልጆች በኦሮምኛ ማስተማር ጀምሯል። በ2011 ክረምት አዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ውይይት ላይ ሳለም የኦሮሚያ ባለሥልጣናት የቋንቋውን ነገር እንዳለ እንደማይቀበሉት በአደባባይ ተናግረዋል። ልክ ናቸው አይደሉም የሚለው የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። የምናነሳው «ከላይ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለው ንግግር ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ክልል ሲፈልግ ይመርጣል፣ ሲፈልግ ይመልሳል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። ዝምታውም መልስ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ብዙ የምናወራውም እዚህ ላይ ነው።

ፍኖተ ካርታው የክፍሎቹን አከፋፈል ለወጠው። ድሮ አንደኛ ደረጃ 8 ዓመት ነበር፤ ከዚያ 9ኛና 10ኛ፣ ከዚያ መሰናዶ። አሁን 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ወረቀት ላይ ቁጥር ከቦታ ቦታ ማዛወር ይመስላል። ድሮም ድምሩ 12፣ አሁንም ድምሩ 12።

ድሮ ልጅቷ 10ኛን ትፈተናለች። ነጥቧ ለመሰናዶ ባይበቃ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ትሄዳለች። በ10 ሲደመር 3 ተምረው ዛሬ የእኛን ልጆች የሚያስተምሩ ሴቶች እዚሁ ከመካከላችን አሉ፤ እጅ አውጡ ብንል ያፍራሉ እንጂ እናውቃቸዋለን። ያ በር አሁን በአብዛኛው ወደ 12ኛ ክፍል ማብቂያ ተዛውሯል። ስለዚህ ቶሎ ሙያ ይዛ ቤተሰቧን ልትረዳ ላሰበች ልጅ መንገዱ በ2 ዓመት ረዝሟል።

2 ዓመት ምን ያህል ነው? ከገጠር ቀበሌ ወደ ዘመሮ መጥታ የምትማር ልጅ ቤት ተከራይታ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከሰዓት በእግር ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት ስንቅ ተሸክሞ መመለስ ነው። ስንቁ በሶና ቆሎ፣ እስከ ማክሰኞ ረቡዕ የሚደርስ እንጀራ፣ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ። ሽሮውን በየተራ ይሠራሉ። ኪራዩ አለ፣ ማገዶው አለ፣ ሳሙናው፣ ደብተሩ፣ የእጅ ባትሪው አለ። የወር አበባ መጠበቂያ አለ፤ ይህን ለአባት መንገር ስለማይቻል ከእናት የእንቁላል ብር ላይ ነው የሚወጣው። ማታ ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ የሚያስፈራትም አለ። የዘመሮ ብርድ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አንነግራችሁም፤ አንድ ባና ለአራት ልጅ አይበቃም።

ቤተሰብ ይህን ለ2 ዓመት ይችለዋል። ለ4 ዓመት ሲሆን በግ መሸጥ ይመጣል። ሁለት ልጅ ከሆነች ከነወንድሟ፣ በጉ ሲያልቅ «ማን ይቅር?» ይባላል፤ ማን እንደሚቀር ደግሞ ሳይነገር የታወቀ ነው። ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አባላት የአንዷ ልጅ 11ኛን ጨርሳ ቀረች። ነጥቧ ከክፍሏ ከላይ ነበር። እናትየዋ እዚህ አለች፤ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። «ያባረራት የለም» ነው የምትለው፤ «ስንቁ ነው ያስቀራት።»

ይህን ያቀዱት ሰዎች ክፉ አስበው ነው አንልም። በ10ኛ ክፍል ከትምህርት የሚወጣ ልጅ ገና ልጅ ነው የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ እኛም እንስማማበታለን። ግን መዋቅሩ ሲቀየር የ2 ዓመቱን ስንቅ ማን እንደሚችለው የጠየቀ አልነበረም። ሚኒስቴሩ መዋቅሩን ሰጠ። ክልሉ ተቀበለ፣ ወደ ዞን አወረደ፤ ዞን ወደ ወረዳ፣ ወረዳ ወደ ትምህርት ቤት። በየደረጃው «ተግባራዊ ሆኗል» የሚል ሪፖርት ወደ ላይ ወጣ። ሪፖርቱ ውሸት አይደለም፤ ተግባራዊማ ሆኗል። ለገጠር ሴት ልጆች ማደሪያ ይሠራ፣ ወይም ኪራያቸው ይደገፍ የሚል ነገር ግን በጠየቅንበት ሁሉ አልሰማንም።

ፈተናው ሌላ ታሪክ ነው። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ስርቆትን ለማስቀረት ነው፤ ከዚያ በፊት መልሱ ከፈተናው ቀድሞ በስልክ ሲዞር የነበረ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማጥበቁን አንቃወምም። ውጤቱ ሲወጣ ግን አገር ደነገጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆኑ። የ2015 ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ። ዩኒቨርሲቲዎች ከወደቁት የተሻለ ያመጡትን በሪሚዲያል እየተቀበሉ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ እሱም ባይኖር ግቢዎቹ ባዶ በሆኑ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ከመቶ ከ90 በላይ የወደቁት ልጆች የ8ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው የመጡ ናቸው። 8ኛ ላይ በክልሎች ሚዛን ተመዝነው «በቃችሁ» ተባሉ። 12ኛ ላይ በፌዴራሉ ሚዛን ተመዝነው «አልበቃችሁም» ተባሉ። ቅቤ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ጠዋት አንዱ ነጋዴ «ሦስት ኪሎ ነው» ብሏት፣ ከሰዓት ሌላው «አንድ ኪሎ ተኩል ነው» ቢላት ዝም ብላ ትሸጣለች? ትጮሃለች እንጂ! «ከሁለቱ ሚዛን አንዱ ተበላሽቷል» ትላለች። እኛ ግን ልጆቻችን በሁለት ሚዛን ሲመዘኑ «ሰነፍ ነሽ፣ አላጠናሽም» ብለን ወደ ልጅቷ ዞርን።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካም እንደ እኛ ፌዴራል ናት፤ ትምህርት እዚያም የክልሎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር የሚል ሕግ ወጣ። እስከ 2014 ድረስ ልጅ ሁሉ በንባብና በሒሳብ ብቁ ይሁን፣ ያልቻለ ትምህርት ቤት ይቀጣል አለ። «ብቁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ክልል በራሱ ፈተና እንዲወስን ተተወ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዳንዶቹ ማለፊያውን ዝቅ አደረጉት! ልጁ ያው ልጅ ነው፣ ንባቡም ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን አደገ። ኮነቲከት የምትባል ክልል «ትእዛዙን ሰጣችሁን፣ ገንዘቡን ግን አልሰጣችሁንም» ብላ በ2005 የፌዴራሉን መንግሥት ፍርድ ቤት ከሰሰች። ዩታ የምትባለው ደግሞ በዚያው ዓመት የራሷ የትምህርት ዓላማ ከፌዴራሉ እንደሚቀድም ሕግ አወጣች። በ2015 መጨረሻ ሕጉ በሌላ ተተካ፤ ብዙው ሥልጣን ለክልሎች ተመለሰ። ሀብታሙ አገር እንኳ በ13 ዓመት ያልፈታውን እኛ በአንድ ስብሰባ አንፈታውም። ጥያቄው ግን ያው የእኛ ጥያቄ ነው፦ ያዘዘ ይከፍላል ወይ?

ገንዘቡን እንግዲህ እንመልከት፤ ለእኛም ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር።

የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው የድጎማ በጀት በጥቅል ነው። ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥቅል ማለት «ይህ ለዴስክ፣ ይህ ለመጽሐፍ» ተብሎ አይመጣም ማለት ነው፤ ክልሉ በራሱ ቀመር ያከፋፍለዋል። ከ1995 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ለወረዳው በጥቅል ያወርዳል፤ የወረዳው ምክር ቤት ተቀምጦ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ይመድባል። የትምህርቱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አብዛኛው የመምህራን ደሞዝ ነው። ደሞዙ ሲከፈል የሚተርፈው ጠመኔና ወረቀት ከገዛ ትልቅ ነገር ነው። በ2001 ከተጀመረው አጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ የትምህርት ቤት ድጎማ አለ፤ ይህም ከውጭ አበዳሪና ለጋሽ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይመጣል፣ ይዘገያል።

በዚህ ላይ ትእዛዙ ይጨመራል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ጀምሮ ሲገባ አዲስ መጽሐፍ ያስፈልጋል ተባለ፤ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃውን ክልሉ ያሳትም። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ይሰጥ ተባለ፤ ኮምፒውተር ማን ይግዛ? የክወናና የእይታ ጥበብ፣ የሙያ ትምህርት ይሰጥ ተባለ፤ መምህሩ ከየት ይምጣ? የኢንስፔክሽን መመዘኛ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ የሴቶች መጸዳጃ፣ ውኃ ያለው ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ደረጃ ያገኛል። የትእዛዙ ዝርዝር ጥሩ ነው፤ አንዱንም አንጠላም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የተወሰኑት በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው። መዳፊቱን በእጇ ነክታ የማታውቅ ልጅ የመጀመሪያ ኮምፒውተሯን በፈተናዋ ቀን ታያለች። መብራት ያለውን ቀን ካገኘች ነው።

እና ትእዛዙ ገንዘብ ሳይከተለው ሲወርድ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ምን ይሆናል? ወይ በወረቀት ይመለሳል፣ ወይ በወላጅ ኪስ ይመለሳል።

የወረቀቱን በራሳችን ዓይን አይተናል። አንዷ ከእኛ በአንድ ወቅት ባስተማረችበት ትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ይመጣል በተባለ ቀን ሁልጊዜ የሚዘጋው ክፍል ይከፈትና «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፍ ነበር። አራት ልጅ ለአንድ መጽሐፍ እየተሻማ የመጽሐፍ ጥምርታው አንድ ለአንድ ተብሎ ይጻፋል። መጽሐፉ መጋዘን ውስጥ ነዋ! እንዳይቀደድ ተብሎ። ርዕሰ መምህሩን አንፈርድበትም፤ እሱም ከላዩ የሚጠይቀው አለ፣ ከላዩ ያለውም ከላዩ አለው። ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ በየደረጃው ተደምሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ሚኒስቴሩ መጽሐፍ የደረሰ ይመስለዋል። ክልሉም መጽሐፍ አላነሰኝም ብሎ በጀቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ውሸቱ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አያችሁ?

የወላጅ ኪሱ ደግሞ ያ ደብዳቤ ነው። ሚኒስቴሩ በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» የሚል ንቅናቄ ጀመረ፤ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን ራሱ ያሻሽል ተባለ። ክልሎች ተቀበሉት፣ ቶሎም ተቀበሉት፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚጠይቅ ሳይሆን ገንዘብ የሚያመጣ ትእዛዝ ነው። ብዙ ክፍልም በዚህ ተሠርቷል፣ ታድሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም የ1986ቱ ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ያለ ክፍያ ይሰጣል ብሎ ነበር። መዋጮ ደግሞ በፈቃድ ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ልጅ ሲመዘገብ «ደረሰኝሽ የታለ?» ከተባለበት በፈቃድ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ የተባላችሁ ካላችሁ ለኮሚቴው ንገሩን፤ ስም አንጠራም።

በመካከሉ ደግሞ የሰላሙ ነገር አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመ መሆኑ ለማንም ስውር አይደለም። ሁለት ዓመት ከቤት የዋለ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ መጽሐፉ ተቀይሯል፣ መዋቅሩ ተቀይሯል፣ ፈተናው ግን አልጠበቀውም። ያው አገር አቀፍ መመዘኛ፣ ያው 50 በመቶ። መመዘኛው አንድ መሆኑ ፍትሕ ይመስላል። ለአንዷ ሠላሳ ሳምንት ተምራ ለሌላዋ አሥር ሳምንት ተምራ ሲሆን ግን ፍትሕነቱ የቱ ላይ እንደሆነ አልገባንም። ይህን ስንጠይቅ ከወረዳ አንድ ባለሙያ «እኛም እንጠይቃለን፤ ግን ወደ ላይ የሚሄድ የጥያቄ ቅጽ የለም፣ የሪፖርት ቅጽ ነው ያለው» አሉን። ሳቅን። በኋላ ግን ወደ ቤት ስንሄድ አሰብንበት።

እንግዲህ ለደብዳቤው ምን እንመልስ? ኮሚቴው እንዲህ አስቧል፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

የዴስኩን ገንዘብ እንዳለ አንከልክል፤ እንዳለም አንስጥ። መጀመሪያ በኅብረቱ በኩል ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ የደረሰው ድጎማ ስንት እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ እንጠይቅ። ኅብረቱ ይህን የማየት መብት አለው፤ ከእኛ አንዷ አባል ሆና ሳለ እስከዛሬ አለመጠየቋን ራሷ ተናግራ አፍራለች። ደብዳቤውም በፈቃድ መሆኑ ተጽፎበት እንደገና ይምጣልን።

ሁለተኛ፣ ጥያቄያችንን በየባለቤቱ እንለይ። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መጽሐፍ ሲጎድል ርዕሰ መምህሩን መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም፤ የክልሉ ነው፣ በወረዳ በኩል በጽሑፍ ለትምህርት ቢሮ ይድረስ። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲጎድል የሚኒስቴሩ ነው። ጣራና መጸዳጃ የወረዳው ነው። የወረዳው ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቀው ዓመቱ ሲገባ ሐምሌ አካባቢ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጮኸው መስከረም ላይ፣ ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ጩኸታችንን ወደ ሰኔ እናምጣው። ከምክር ቤቱ አባላት ሴቶቹን እናውቃቸዋለን፤ አንዷ እንዲያውም የዕቁብ ጓደኛችን ናት።

ሦስተኛው የስንቁ ነው። ከቁጠባችን ለዴስክ ልናወጣ የነበረውን ግማሹን ለ11ኛና 12ኛ ክፍል የገጠር ሴት ልጆች ኪራይ እናድርገው ብለናል። አንድ ሰፊ ቤት አይተናል፤ ሁለት ክፍል፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤትና አጥር ያለው ነው። ባለቤቲቱ መበለት ናቸው፤ ልጆቹ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ቢሆኑ ደስ እንደሚላቸው ነግረውናል። አባላት በየተራ አንድ ቀን ማታ ብቅ እያልን እናያቸዋለን። ማን እንደሚገባ የልጅቷ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የመንገዷ ርቀት ይወስን ብለናል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም፤ ይህን ከአሁኑ መናገር እንፈልጋለን፤ በኋላ «አላወቅንም ነበር» እንዳይመጣ። የቁጠባ ኮሚቴው ሒሳቡን አይቶ ዓመቱን እንደሚዘልቅ ነግሮናል፤ ግን በዚህ ዓመት የበግ ማድለቢያ ብድሩ ለሁለት ሰው ይቀንሳል። ማን ትቅር የሚለውን ዛሬ እዚሁ መነጋገር አለብን፤ ከባድ ነው፣ እናውቃለን።

ክልሉ ወይም ወረዳው ሊሠራ የሚገባውን እኛ ከሠራንላቸው ይተኛሉ የሚል አለ። ይህ ክርክር በመካከላችንም ነበር፤ ከሦስታችን አንዷ እስከ ትናንት ማታ አልተስማማችም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም። ስለዚህ የቤቱን ኪራይ ስንከፍል ደረሰኙን ቅጂ አድርገን በየወሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እናስገባለን። ስንት ልጅ፣ ስንት ብር፣ ከየት ቀበሌ የሚለውን ጽፈን። እነሱ የሪፖርት ቅጽ አለን ብለዋል፤ እኛም ሪፖርት እናደርጋለን።

የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳ እንሄዳለን። ከእኛ ጋር የምትሄድ ሁለት እናት እንፈልጋለን፤ አንዷ ያቺ ልጇ ከ11ኛ የቀረችባት ብትሆን እንወዳለን፤ እሷም እሺ ብላለች። አንድ ቦታ ይቀራል። ቡናው ሲፈላ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ። አሁን የብድሩን ነገር እንነጋገር።